የፈሰሰ ሐሞት

የአክስቴ ልጅ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ከአልጋ አይወርድም። ቤታቸው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አገሩ ብርድ ነው። በዚያ ሰዓት ግን አባቱ ከብቶቹን አሰማርተው፣ እናቱ ኩበት ጠፍጥፈው ጨርሰው ገብተዋል። እሱ ባናውን እስከ አፍንጫው ስቦ ግድግዳውን ያያል። እንቅልፍ አይደለም። ዓይኑ ፍጥጥ ብሏል።

«ተነስና ትንሽ ወጣ እንበል» አልኩት ባለፈው ስሄድ።

«ወዴት?» አለኝ።

ክፉ አልተናገረም። አልተቆጣምም። ግን ያቺ «ወዴት» የምትለው ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው። አባቱ «ስንፍና ነው» ይላሉ። አክስቴ «ዓይን በልቶብኝ ነው» ብለው ጠበል ሊወስዱት ያስባሉ። ከተማ ያለው ዘመድ «ሞራል ነው ያጣው» ብሎ በቴሌግራም የአነቃቂ ንግግር ቪዲዮ ይልክለታል። አንዱንም እስከ መጨረሻው አላየውም።

ሦስቱም ይወዱታል። ሦስቱም የሚፈልጉት እሱ ውስጥ የጎደለውን ነገር ነው። እኔ ግን አማርኛችን ራሱ ሌላ ነገር የሚነግረን ይመስለኛል። «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። «ቅስሙ ተሰበረ» እንላለን። የሚፈሰውም የሚሰበረውም የነበረ ነገር ነው። ሰው ሐሞት ይዞ ይወለዳል፤ ኋላ አንድ ቦታ ላይ ይፈስበታል። የሰውን ተነሳሽነት ሲያጠኑ የኖሩ የሥነ ልቦና ሰዎችም የደረሱበት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ታዲያ በየት በኩል ነው የሚፈሰው? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

«መጀመሪያ ሆዱ ይሙላ»

በእኛ አገር ስለ ሰው ፍላጎት ሲወራ ቶሎ የምትመጣ አባባል አለች። «መጀመሪያ ሆዱ ይሙላ፤ ሌላው ይደርሳል።» ስብሰባ ላይ ትሰማላችሁ። እርዳታ የሚሰጥ ሰው ይላታል። አባትም ለልጁ ይላታል።

ለዚች አባባል የምሁር ድጋፍ ተደርጎ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሰው አብርሃም ማስሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ የሰውን መሠረታዊ ፍላጎት አምስት ቦታ ከፈለው። ምግብ፣ ውኃ፣ እንቅልፍ መጀመሪያ ናቸው። ቀጥሎ ደህንነት አለ። ከዚያ ፍቅርና ወገን። ከዚያ ክብር። መጨረሻ ላይ ሰው መሆን የሚችለውን ሆኖ መገኘት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሳይኮሎጂ ኮርስ የወሰደ ሁሉ በፒራሚድ ተሥሎ አይቶታል።

ፒራሚዱን የሣለው ግን ማስሎ አይደለም። ሥዕሉ የመጣው ከዓመታት በኋላ፣ ሐሳቡን ለንግድ አመራር ትምህርት ባዋሉት ሰዎች በኩል ነው። ሥዕሉ ደግሞ ሐሳቡን አጠበበው። ፒራሚድ ስታይ አንዱን ደረጃ ጨርሰህ ወደ ቀጣዩ የምትወጣ ይመስልሃል። ማስሎ ግን እዚያው በ1943ቱ ጽሑፉ ላይ ይህን እንዳናስብ አስጠንቅቋል። ለምሳሌ ያህል ብሎ ቁጥር አስቀምጧል፤ አንድ ተራ ሰው የሥጋ ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ ደህንነቱ 70፣ ፍቅሩ 50፣ ክብሩ 40፣ የመጨረሻው ደግሞ 10 በመቶ ያህል ተሟልቶለት ሊሆን ይችላል አለ። ለክቶ ያመጣው ቁጥር አይደለም፤ ለማስረዳት ነው። ነጥቡ ግን ግልጽ ነው። ሁሉም ፍላጎት በአንድ ጊዜ አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጎዶሎ ነው።

ይህን ስል ረሃብን ላቃልል አይደለም። ረሃብ ሰውን ምን እንደሚያደርገው የሚያሳይ ከባድ ጥናት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945፣ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት በግማሽ ሆድ አቆየ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። የሚገርመው ግን ልባቸው ላይ የሆነው ነው። ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ እየሰበሰቡ ያነቡ ነበር። ለትምህርት፣ ለጨዋታ፣ ለሴት ያላቸው ፍላጎት ጠፋ። ብስጩ ሆኑ፣ ከሰው ሸሹ። የተማሩና ጠንካራ ሰዎች ነበሩ።

እኛ ቤትም የሆነ ነገር ልንገራችሁ። የአክስቴን ባል «ጋሼ» ነው የምላቸው። ጠንቃቃ ገበሬ ናቸው። አንድ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ጎተራው ተራቆተ። ገብሱ ገና ማሳ ላይ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ አለባቸው። በዚያ ሳምንት ገበያ ወርደው አንዲት እናት በግ ሸጡ። ያረገዘች ነበረች። ሁለት ሌሎች ወጠጤዎች እያሉ እሷን ነው የሸጧት፤ ያውም በርካሽ። ጥር ላይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ቤት ከገባ በኋላ፣ እሳት ዳር ተቀምጠን ራሳቸው አነሡት። «ያን ቀን ምን ነክቶኝ ነው?» አሉ። «ትዝ የሚለኝ የሰውየው ብር ብቻ ነው። ሌላው አልታየኝም።»

ጋሼ ያሉትን ነገር ተመራማሪዎች ሕንድ ውስጥ ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ ታሚል ናዱ ውስጥ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከአዝመራ በፊትና በኋላ ፈተኗቸው። ሰውየው ያው ራሱ ነው። ከአዝመራ በፊት፣ እጁ ባጠረበት ጊዜ፣ የማሰብና የማመዛዘን ፈተናውን ባነሰ ውጤት ሠራው። ከአዝመራ በኋላ ተሻለው። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ፣ እጥረት ራሱ አሳብን ይይዛል፤ ለሌላው ነገር ቦታ አይተርፍም የሚል ነው። ሁሉም ጥናት ይህን አልደገመም። አሜሪካ ውስጥ ደመወዝ ከመውጣቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ያሉ ሰዎችን ያነጻጸረ ሌላ ጥናት እንዲህ ያለ ልዩነት አላገኘም። የአዝመራና የደመወዝ ነገር አንድ ስላልሆነ ይሆናል። ደመወዝተኛ የሚጠብቀው ሁለት ሳምንት ነው። የእኛ ገበሬ ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው።

ስለዚህ ሆድ ዋና ነገር ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ «ሌላው ይደርሳል» ከምትለዋ ጋር ነው።

የዕድሩ ብር

ያው ነሐሴ፣ ያቺ በግ በተሸጠችበት ሳምንት፣ አክስቴ የዕድር ከፍለዋል። እኔ እዚያው ነበርኩ። ብሩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ቆጠሩ። ቤት ውስጥ ዘይት የለም። ሽሮውም እያለቀ ነው። «እትዬ፣ ይኸ ለሚቀጥለው ወር ቢተላለፍስ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ማለትህ ነው ልጄ? ሰው አይደለንም እንዴ?» አሉ።

ፒራሚዱን ተከትለን ከሄድን አክስቴ ተሳስተዋል። ሆድ ሳይሞላ ወገን የት ይገኛል? በእኛ አገር ግን በግማሽ ሆዱ ዕድር የማይከፍል ሰው ብዙ አታገኙም። ማኅበሩን የሚያስታጉል፣ ለሰንበቴ ተራው ደርሶ የሚቀር፣ ጎረቤት ሞቶበት ለቅሶ የማይደርስ ሰው አታገኙም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ለቅሶው፣ ደቦው ሁሉ ያ ብር ውስጥ አለ። አክስቴ የከፈሉት ለክፉ ቀን መድን ብቻ አይመስለኝም። «አለሁ» ብለው ስማቸውን መዝገብ ላይ ማስቆየታቸው ነው።

ይህም በሰፊው ተጠንቷል። ሉዊስ ታይና ኤድ ዲነር እ.ኤ.አ. በ2011 የ123 አገሮችን መረጃ ተመለከቱ። ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ያገኙት ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማስሎ የዘረዘራቸው ፍላጎቶች በሀብታምም በድሃም አገር ሰውን የሚነኩ ናቸው። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉ የተባለውን ያህል አይሠራም። ምግቡና ደህንነቱ ያልተሟላለት ሰውም ወዳጅ ካለው፣ ከተከበረ፣ ሕይወቱ ውስጥ ደስታ ያገኛል። ክብር የሆድን መሙላት አይጠብቅም።

ይህ ነገር ተራ ወሬ የማይሆንበት ቦታ አለ። ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ሰዎችን በመጠለያ ይዛ ዓመታት አስቆጥራለች። አብዛኞቹ ገበሬ ነበሩ። በራቸው ላይ እንግዳ የሚቀበሉ፣ ጎተራ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ ስማቸው የሚነሣው ስንዴ ሲመጣ ነው። ስንዴው ያስፈልጋል፤ ሲዘገይም ሰው ይራባል። ግን በከተማው መንገድ ስትሄዱ ከመጠለያ ወጥተው ጉሊት የዘረጉ፣ የቀን ሥራ የሚጠባበቁ ብዙ ናቸው። ሁለት ሽንኩርትና አንድ መደብ ቃሪያ ዘርግታ የተቀመጠች ሴት የምታገኘው ትርፍ ከእርዳታው ላይበልጥ ይችላል። ግን በዚያች ጉሊት ላይ ዋጋ የምትቆርጠው እሷ ናት። ሰው «ስንት ነው እናቴ?» ብሎ ይጠይቃታል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ሰውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። እርዳታ ሰጪዎች ቁጥራቸውን ሲሠሩ ይህን ቢያስገቡት እላለሁ።

በራስ እጅ የያዙት ነገር

እ.ኤ.አ. በ1971 ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ለተማሪዎች አንድ አዝናኝ የመገጣጠም እንቆቅልሽ ሰጠ። ደስ ብሏቸው ይጫወቱ ነበር። ከዚያ ለግማሾቹ በፈቱት ልክ ብር ከፈላቸው። ቀጥሎ ክፍያው ቆመ። የተከፈላቸው ልጆች በዕረፍት ሰዓት እንቆቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሥዕል መሣል የሚወዱ ልጆችን አጠኑ። «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» የተባሉት ልጆች ከሳምንታት በኋላ በራሳቸው ጊዜ የሚሥሉት ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አነሰ። ጨዋታው ሥራ ሆነባቸው።

ዴሲ ከሪቻርድ ራያን ጋር ሆኖ ይህን ለዓመታት ተከታተለው። መጨረሻ ላይ ሦስት ነገሮች ላይ ደረሱ። ሰው በራሱ መወሰን ይፈልጋል። መቻሉን ማየት ይፈልጋል። ከሌላ ሰው ጋር መተሳሰር ይፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ ሲኖሩ ሰው ሳይገፉት ይሠራል። ሲጠፉ ግን ብርም ዱላም ብዙ አያስኬደውም። ከሦስቱ እኛ አገር በጣም የምናቃልለው የመጀመሪያውን ይመስለኛል።

የመንዙን ጓሳ የሚያውቅ ይህ አይገርመውም። ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሣርማ ደጋ ነው። ሣሩ ጣሪያ ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሕዝቡ ይህን መሬት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ጠብቆታል። ደንቡ ቄሮ ይባላል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም ማጭድ አያገባም። ሣሩ ሲደርስ በተወሰነ ቀን ይከፈታል፤ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። ጠባቂውም ራሱ ነው፣ ቀጪውም ራሱ ነው። በዝናብና በውርጭ ተራ ገብቶ የሚጠብቅ ሰው ማንም አበል አልከፈለውም።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቄሮ ፈረሰ። አንድ እውነት አለ፤ ቄሮ ከአቅኚ አባቶች የዘር ሐረግ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ከዚያ ውጭ የነበረውን ሰው ያገል ነበር። አዋጁ ለእነሱ መብት ሰጠ። ግን የሁሉም የሆነው መሬት ጠባቂ አጣ። ማጨዱም ማረሱም ገፋ። ነገሩ መልሶ የተያዘው ሕዝቡ እንደገና በራሱ ምክር ቤትና በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ሲገባበት ነው። ከዚያ ወዲህ ጓሳ ቱሪስት የሚመጣበት ቦታ ሆነ።

ከዚህ ጎን በየዓመቱ በዘመቻ የምንተክለውን ችግኝ አስቡት። ኮታ ይመጣል። ስም ይጠራል። ጉድጓዱ ይቆፈራል። ተራራው ያው፣ ሰዉም ያው የሰሜን ሸዋ ሰው ነው። ጥር ላይ ሂዳችሁ የትኛው እንደጸደቀ ብታዩ፣ ሰው «የኔ ነው» ያለው ቦታ ላይ ያለውን ሳትጠይቁ ትለዩታላችሁ። ይህን የምለው ችግኝ መትከልን ለመንቀፍ አይደለም። የሚተክለው ሰው የትኛው ዛፍ፣ የት፣ መቼ በሚለው ላይ ቃል ይኑረው ነው የምለው።

ስለ ፋብሪካም አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሟን ሲያስጠራ የኖረ ከተማ ናት፤ አሁን ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። «ሥራ እያለ ወጣቱ ጥሎ ይወጣል» የሚል ወቀሳ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለዋል። ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀቁ። ሥራው ከባድና አደገኛ ሆኖባቸው ነበር። ጤናቸውም ተጎዳ። ገቢያቸውም ውጭ ካሉት አልበለጠም። አስቡት፤ ደመወዙ የቤት ኪራይና ሽሮ አይሸፍንም፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ታስፈቅዳለህ፣ ጀርባህን ያምሃል። ይህን ትቶ የሚወጣን ልጅ ሰነፍ ማለት ይከብደኛል። ሒሳቡን በደንብ ሠርቶ ነው የወጣው።

ወደ «ወዴት» ልመለስ

አሁን ወደ ልጁ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ቁጥሮች ታስታውሳላችሁ። በአገር ደረጃ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4። በ2017 8.4። ኩረጃው መቆሙ ትክክል ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። የማሻሻያ ትምህርት የሚገቡም አሉ። ግን እስቲ ከልጁ ጎን ቁሙና እዩት። 12 ዓመት ተምሯል። በዚያ ላይ ኮሮና መጣ። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ድረስ ደረሰ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። የፊዚክስ መምህር ያልነበረበት ወር አለ። መንገድ የተዘጋበት ሳምንት አለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሪፖርቱ ላይ የሚያየው አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ «አልቻልክም» ይለዋል። ከመቶ ዘጠናውን ልጅ በአንድ ቀን እንዲህ የምትል አገር የልጆቿ ሐሞት ለምን ፈሰሰ ብላ ልትገረም አይገባም።

የደህንነቱን ነገር ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ደህንነት ሲባል ሰው የሚያየው ጥይቱን ነው። የዕለት ኑሮው ላይ የሚሠራው ግን አለማወቁ ነው። ማክሰኞ መንገዱ ይከፈት አይከፈት አታውቅም። ኔትወርክ ይኑር አይኑር አታውቅም። ልጅህ ማታ ይመለስ አይመለስ አታውቅም። እንዲህ ሆኖ ለሦስት ዓመት ዕቅድ ማውጣት እንዴት ይቻላል? «ተምሬ ምን ልሆን?» የሚለው አነጋገር በወጣቱ አፍ የበዛው ያለምክንያት አይደለም። ብዙ ትልልቅ ሰዎች እንደ ዋልጌነት ይቆጥሩታል። እኔ እንደ ቀና ጥያቄ ነው የምሰማው። መልስ የሚሰጠው ግን አላገኘም።

ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር እ.ኤ.አ. በ1967 ያደረጉት ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ውሾች ሊያመልጡት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ደረሰባቸው። በኋላ ማምለጥ የሚቻልበት ቦታ ሲወሰዱ ብዙዎቹ አልሞከሩም። ተኝተው ቻሉት። ለዓመታት ማብራሪያው «ተስፋ መቁረጥን ተማሩ» የሚል ነበር። ሁለቱ ሰዎች ግን ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የራሳቸውን ሐሳብ አረሙ። በአንጎል ላይ የተደረገውን አዲስ ምርምር አይተው፣ ነገሩን ገልብጠን ነበር አሉ። ክፉ ነገር ሲረዝም ዝም ብሎ መተኛት የአንጎል የተፈጥሮ ምላሽ ነው። የሚማሩት ነገር ሌላ ነው፤ «እኔ ያደረግኩት ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለውን ነው የሚማሩት።

ይህን ሳነብ የአክስቴ ልጅ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ባናው ውስጥ ያለው ልጅ የተበላሸ ነገር የለውም። የጎደለው አንድ ነገር ሠርቶ ውጤቱን በዓይኑ ማየት ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራም ለዓመታት ያስተማረው ይኸንኑ ነው፤ ሰው «እችላለሁ» ብሎ እንዲያምን ከሁሉም በላይ የሚያደርገው ራሱ የተሳካለት ነገር ነው። ቀጥሎ እሱን የሚመስል ሰው ሲሳካለት ማየት ነው። ምክርና ንግግር ከእነዚህ በታች ነው።

ሁለተኛው፣ መሰልን ማየቱ፣ እኛው አገር ተሞክሯል። ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ዶባ ወረዳ ውስጥ ለገጠር ሰዎች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩ። በፊልሞቹ ያሉት እንደ እነሱው ካለ የገጠር ኑሮ ተነሥተው በእርሻና በንግድ የተሻለ ቦታ የደረሱ ሰዎች ነበሩ። ብር አልተሰጠም። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ሰዎች ቁጠባቸውም፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ያደረጉትም ከፍ ብሎ ተገኘ። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ከቴሌግራሙ ቪዲዮ የሚለየውም ይታየኛል። የቴሌግራሙ ሰውዬ ሱፍ ለብሶ መድረክ ላይ ነው። የዶባው ሰው እግሩ ላይ ጭቃ አለ፤ መጀመሪያ ምን እንደሸጠ፣ ቀጥሎ ምን እንደገዛ ሲናገር ትከተለዋለህ።

ልጁን እኔ አላስነሣሁትም። ምክሬ ሁሉ ያለቀው በዚያች «ወዴት» ላይ ነው። ያስነሣው ሌላ ነገር ነው።

የመንደሩ ዕድር ጸሐፊ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። መዝገቡ መዛባት ጀመረ። የከፈለ አልከፈለም ተብሎ ጭቅጭቅ ተነሣ። አንድ ቀን የዕድሩ ዳኛ ወደ ቤት መጡና አክስቴን ሳይሆን ልጁን ጠሩት። «አንተ 12ኛ የጨረስክ ልጅ ነህ። መዝገቡን ያዝልን። እኛ አልቻልንም» አሉት። እሱም መጀመሪያ ዝም አለ። አባቱ «እሱ ምኑን ይችለዋል» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አክስቴ በዓይናቸው ከለከሏቸው።

ፈተናውን አልደገመም፤ ይደግም እንደሆነም አልነገረኝም። ሥራ የለውም። በአዘቦት ቀን አሁንም አርፍዶ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ባለፈው እሑድ ስሄድ ግን ገና 2 ሰዓት ሳይሞላ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አሮጌውን መዝገብ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በአዲስ ደብተር እየገለበጠ ነው። በእርሳስ ዓምድ አስምሯል፦ ስም፣ ወር፣ የተከፈለ፣ ቀሪ። ሁለት ሰዎች ሁለቴ ከፍለው አንዴ ብቻ ተጽፎላቸው አግኝቷል። አንዷ እናቱ ናቸው።

«በሚቀጥለው ስትመጣ» አለኝ ቀና ሳይል፣ «ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ ይዘህልኝ ና። ያልከፈለውን ለብቻው ልለይ ነው።»